ካርታ የሌለው ባሕር

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሳሎኑ ስፋት አይደለም። «ካርታ አለው?» ይላል። ግድግዳቸውም ጣሪያቸውም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቤቶች፣ አንዱ ካርታ ስላለው ሌላው ስለሌለው ብቻ፣ ዋጋቸው አይገናኝም። ካርታ የሌለው አባወራ ሠላሳ ዓመት ከኖረበት ግቢ አንድ ማለዳ «ልቀቅ» ሊባል ይችላል። ካርታ የያዘው ደግሞ አንድ ሌሊት ሳያድርበት ባለቤት ነው። በዚህች ከተማ ካርታ ማን ይቆፍር፣ ማን ይነሣ፣ ማን ካሣ ያግኝ የሚለውን የሚወስን ወረቀት ነው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሕዝብ፣ በምድር ላይ ያለው ትልቁ የካርታ ጉዳይ በሌሎች ጠረጴዛ ላይ ሲያልቅ ዝም ብሎ መቀመጡ ያስገርማል። ጉዳዩ የባሕር ግርጌ ነው። ውቅያኖስ ከምድር ገጽ 71 በመቶውን ይሸፍናል። ከዚያ ውሃ ሥር ተራራ አለ፣ ሸለቆ አለ፣ ሜዳ አለ፣ እሳተ ገሞራ አለ፣ ጫካ የሚያህል ኮራል አለ። ከዚህ ግርጌ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የየትኛውም አገር ግዛት አይደለም። በሕግ የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው። የመተማው ገበሬም፣ የጅግጅጋው ነጋዴም፣ የመርካቶው ተሸካሚም ድርሻ አለበት ማለት ነው። አሁን ግን ካርታው ገና ሩብ ያህሉ ተሠርቶ ሳለ ቆፋሪዎች በር ላይ ቆመዋል።

ሳይለኩ የሚቆርሱት ነገር የራስ ቢሆን ኪሳራው የራስ ነው። የጋራ ሲሆን ግን ዝርፊያ ይባላል።

◾ ሳተላይት ውሃ ውስጥ አያይም

ብዙ ሰው በስልኩ ላይ ያለውን የዓለም ካርታ ከፍቶ፣ በሰማያዊው ሥር ጥላ የተጣለባቸውን ተራሮች አይቶ፣ «የባሕሩ ታች ታውቋል» ብሎ ያስባል። አብዛኛው ግምት ነው። የሳተላይት ራዳር ውሃውን ዘልቆ አይገባም። የሚለካው የባሕሩን ገጽ ከፍታ ነው። ከታች ትልቅ ተራራ ሲኖር በስበቱ ውሃ ወደ ራሱ ስለሚሰበስብ ገጹ በጥቂቱ ጉብ ይላል። ከዚያ ጉብታ ተነሥቶ ተራራው በስሌት ይገመታል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ምስል በብዙ ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ነጥቦች ስብስብ ነው። አዲስ አበባ በዚያ ዓይን ብትታይ ከእንጦጦ እስከ ቃሊቲ ያለው ሁሉ በጥቂት ነጥቦች ያልቃል። እንጦጦ ይታይ ይሆናል፤ መርካቶ ግን የለም።

እውነተኛው ካርታ የሚሠራው በድምፅ ነው። መርከብ ወደ ታች ድምፅ ትልካለች፤ ድምፁ በባሕር ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ግርጌውን መትቶ የተመለሰበት ጊዜ ተሰልቶ ጥልቀቱ ይታወቃል። ዘመናዊው መሣሪያ በአንድ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ የድምፅ ጨረሮችን እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ይልካል፤ መርከቧም እንደሚያርስ ገበሬ ትልም በትልም ትመላለሳለች። የተመለሰው ድምፅ ጥንካሬ ደግሞ ግርጌው ድንጋይ ይሁን ጭቃ፣ አሸዋ ይሁን ጠጠር ይናገራል። ከዚያ ካሜራ ይወርዳል፣ ናሙና ይወጣል፣ የትኛው ፍጥረት በየትኛው መሬት ላይ እንደሚኖር ይመዘገባል። የባሕር ግርጌ መልክዓ ምድር ካርታ የሚባለው ይህ ሁሉ ሲደመር ነው። ጥልቀቱን ብቻ ማወቅ የአንድን ከተማ የአስፋልት ከፍታ ለክቶ ስለ ነዋሪዎቿ አውቃለሁ እንደማለት ነው።

በጃፓኑ ኒፖን ፋውንዴሽንና በጌብኮ የሚመራው «ሲቤድ 2030» የተባለው ዓለም አቀፍ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲጀመር በዘመናዊ መለኪያ የተለካው የባሕር ግርጌ 6 በመቶ ብቻ ነበር። በ2025 አጋማሽ 27.3 በመቶ ደርሷል። በስምንት ዓመት ይህን ያህል መራመድ ቀላል አይደለም። ነገር ግን የተገላቢጦሹም ይነበብ፦ ከባሕር ግርጌ ሦስት አራተኛው ገደማ ዛሬም በትክክል አልተለካም። የማርስ ገጽ ከዚህ በተሻለ ዝርዝር ታይቷል።

ይህ ድንቁርና ዋጋ የሚያስከፍል ነው። ጥር 2005 የአሜሪካ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ሳን ፍራንሲስኮ ከጉዋም ደሴት በስተደቡብ በሙሉ ፍጥነት ሲጓዝ ከባሕር ውስጥ ተራራ ጋር ተላተመ። መርከበኞቹ በሚጠቀሙበት ካርታ ላይ ተራራው አልነበረም። አንድ ሰው ሞተ፣ ከ90 በላይ ቆሰሉ። በ2014 የማሌዥያው አውሮፕላን ኤምኤች370 ከ239 ሰዎች ጋር ሲሰወር፣ በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ሰፊውን የግርጌ አሰሳ ለመጀመር የተነሡት ፈላጊዎች በቅድሚያ ያደረጉት ነገር ፍለጋ አልነበረም። ካርታ መሥራት ነበር። የሚፈልጉበት ቦታ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አልነበረምና። በኋላ 120,000 ካሬ ኪሎ ሜትር አሰሱ። አውሮፕላኑን አላገኙም፤ ማንም የማያውቃቸውን እሳተ ገሞራዎችና ገደሎች ግን አገኙ።

ታዲያ ለምን አይለካም? ገንዘብ የለም ይባላል። የባሕር ግርጌን በሙሉ ለመለካት ከ3 እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበቃ ተገምቷል። ኢትዮጵያውያን ይህን ቁጥር በሌላ ስም ያውቁታል፤ ከሕዳሴ ግድብ ወጪ ጋር የሚቀራረብ ነው። ድኻ የሚባል አንድ አገር ከመምህር ደመወዝና ከሊስትሮ ኪስ አዋጥቶ የጨረሰውን ሂሳብ፣ መላው ዓለም ተሰብስቦ ከምድር ገጽ የሚበልጠውን ክፍል ለማወቅ ማውጣት አቅቶት አይደለም። አለማወቁ የሚጠቅመው ስላለ ነው።

◾ «ታች ምንም የለም» ያሉት ሁሉ ተሳስተዋል

እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ ድረስ ብዙ ሊቃውንት የውቅያኖስ ግርጌ ሜዳማና የሞተ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ ሜሪ ታርፕ የተባለች የካርታ ባለሙያ ግን ከመርከቦች የመጣውን የጥልቀት ቁጥር አንድ በአንድ በእጇ እየሣለች፣ በአትላንቲክ መካከል የሚሄድ ታላቅ የተራራ ሰንሰለት፣ በሰንሰለቱ ጀርባ ላይ ደግሞ የተሰነጠቀ ሸለቆ አየች። ሴት በመሆኗ በምርምር መርከብ ላይ እንድትወጣ ለዓመታት አልተፈቀደላትም። የሥራ ባልደረባዋ ብሩስ ሂዘን መጀመሪያ የነገረችውን የሴት ወሬ ነው ብሎ ናቀው። በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥ ቦታዎች በካርታዋ ላይ ሲደረደሩ ልክ በዚያ ስንጥቅ ላይ ተሰለፉ። አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ የሚለው ሐሳብ ዓለምን ያሳመነው ከዚህ ዓይነት ካርታ ተነሥቶ ነው።

ያ ስንጥቅ የሚያበቃው ባሕር ላይ አይደለም። በኤደን ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር አድርጎ አፋር ላይ ይወጣል። በመስከረም 2005 ዳባሁ አጠገብ መሬት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሰነጠቅ፣ በሌላው ዓለም በውሃ ሥር ተደብቆ የሚካሄደው የውቅያኖስ ግርጌ መወለድ በኢትዮጵያ በረሃ ላይ በዓይን ታየ። የባሕር ግርጌ ለዚህ አገር የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በምሥራቅ በኩል በር ላይ ነው።

የታርፕ ታሪክ ለዛሬው ክርክር የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው። ካርታ ባልተሠራለት ቦታ ላይ ቆሞ «እዚያ የሚጎዳ ነገር የለም» ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ከዚህ ቀደምም ተሳስቷል።

◾ ድንች የሚያክለው ድንጋይ

አሁን ያንኑ ቃል የሚደግሙት የማዕድን ኩባንያዎች ናቸው። በሃዋይና በሜክሲኮ መካከል ክላሪዮን ክሊፐርተን የሚባል የባሕር ግርጌ ሜዳ አለ። ጥልቀቱ ከ4,000 እስከ 6,000 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱ ከኢትዮጵያ ቆዳ ስፋት አራት እጥፍ ገደማ ነው። በጭቃው ላይ ድንች የሚያካክሉ ጥቁር ድንጋዮች ተዘርተዋል። ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ ኮባልትና መዳብ አላቸው። አንዱ ድንጋይ በሚሊዮን ዓመት የሚያድገው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የዛሬው የእጅ ሙሉ ድንጋይ ሰው የሚባል ፍጥረት ከመኖሩ በፊት ማደግ የጀመረ ነው።

ኩባንያዎቹ በባሕር ግርጌ እየተሳበ ድንጋዩን ከነጭቃው የሚመጥ ማሽን ሊያወርዱ ይፈልጋሉ። «ሜዳ ነው፣ በረሃ ነው» ይላሉ። ነገር ግን በ2023 የወጣ ጥናት ከዚያ አካባቢ የተመዘገቡ 5,578 የእንስሳት ዝርያዎችን ቆጥሮ፣ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በሳይንስ ስም እንኳ ያልወጣላቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ብዙዎቹ የሚኖሩት ድንጋዩን ራሱን ተጣብቀው ነው። ድንጋዩ ሲነሣ ቤታቸው ተነሣ። ካሣ የለም፣ ምትክ ቦታ የለም።

ጠባሳው ይሽራል ወይ? እ.ኤ.አ. በ1979 በዚያው አካባቢ የሙከራ ማሽን አልፎ ነበር። ተመራማሪዎች ከ44 ዓመት በኋላ ሲመለሱ የማሽኑ ዱካ ትናንት ያለፈ ይመስል ነበር። አንዳንድ ትንንሽ ፍጥረታት መመለስ ጀምረዋል፤ ትልልቆቹና ድንጋይ ላይ የሚጣበቁት ግን አልተመለሱም። ይህ የአንድ ሙከራ ዱካ ነው። ዛሬ የሚጠየቀው ፈቃድ በሺዎች ለሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር ነው።

የፈቃዱ ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ይህን የጋራ መሬት የሚያስተዳድረው ኪንግስተን፣ ጃማይካ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የባሕር ግርጌ ባለሥልጣን ነው። እስካሁን ወደ 30 የሚጠጉ የፍለጋ ውል ሰጥቷል፤ የማምረት ፈቃድ ግን ለማንም አልሰጠም፤ ደንቡ አልተጠናቀቀምና። በ2021 ናኡሩ የተባለችው ትንሽ የፓስፊክ ደሴት፣ የካናዳው ዘ ሜታልስ ካምፓኒ ቅርንጫፍን ወክላ፣ ደንቡ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲያልቅ የሚያስገድድ አንቀጽ አስነሣች። ሁለት ዓመቱ አለፈ፣ ደንቡ አላለቀም። ሚያዝያ 2025 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የባሕር ግርጌ ማዕድን እንዲፋጠን ትእዛዝ ፈረሙ። ቀናት ሳይቆጠሩ ያው ኩባንያ ባለሥልጣኑን ዘሎ፣ የባሕር ሕግ ስምምነቱን ያላጸደቀችውን አሜሪካን «ፈቃድ ስጪኝ» አለ። የጋራ ግቢ ለመቆፈር ከአንድ ጎረቤት ብቻ ፈቃድ ጠየቀ ማለት ነው፤ ያውም የግቢውን ውል ካልፈረመው ጎረቤት።

◾ ካርታ ሲቀድምና ሲዘገይ

ካርታ መቅደሙ ምን እንደሚለውጥ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1990ዎቹ ካናዳ ከአትላንቲክ ዳርቻዋ ወጣ ብሎ የሚገኘውን ብራውንስ ባንክ የተባለ የዓሣ ቦታ በድምፅ መሣሪያ አሠራች። አጥማጆቹ የሚፈልጉት ስካሎፕ የተባለ የዛጎል ፍጥረት የሚኖረው በጠጠር ላይ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ካርታው ጠጠሩ የት እንዳለ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ከባዱን መጎተቻቸውን በባዶ አሸዋ ላይ ሲጎትቱ መዋል ቀረ። ያንኑ ያህል ምርት በእጅጉ ባነሰ ሰዓት፣ በእጅጉ ባነሰ ነዳጅ፣ በእጅጉ ያነሰ የባሕር ግርጌ እያረሱ አወጡ። አጥማጁም ተጠቀመ፣ ባሕሩም አረፈ። ዘላቂ አጠቃቀም የሚባለው ቃል በስብሰባ አዳራሽ ሲነገር አየር ይመስላል፤ በመርከብ ላይ ግን ትርጉሙ ይህን ያህል ቀላል ነው።

መዘግየቱ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ኖርዌይ ታሳያለች። በቀዝቃዛው ጥልቅ ባሕሯ ውስጥ ሺህ ዓመታትን ያስቆጠሩ የኮራል ክምሮች አሉ። ተመራማሪዎች በካሜራ ሲደርሱባቸው፣ በግርጌ የሚጎተተው የዓሣ መረብ ከሦስተኛው እስከ ግማሽ የሚሆነውን ቀድሞ እንደጎዳው ገመቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። አገሪቱ በ1999 የሱላን የኮራል ግዛት ከመረብ ከለከለች። በ2002 ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የሮስት ኮራል ተገኘ፤ በማግስቱ ዓመት ተጠበቀ። ከዚያ ማሬኖ የተባለ አገር አቀፍ ፕሮግራም ተቋቁሞ የባሕር ምርምር ተቋሙ፣ የጂኦሎጂ ተቋሙና የካርታ ሥራ ድርጅቱ በአንድ ላይ ግርጌውን እየለኩ፣ እየቀረጹ፣ ውጤቱን ማንም እንዲያየው በነፃ መልቀቅ ጀመሩ።

የሚያሳዝነው ግን ይህችው ኖርዌይ ጥር 2024 በፓርላማዋ 80 ለ20 በሆነ ድምፅ በአርክቲክ በኩል 281,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ለማዕድን ፍለጋ ከፈተች። የራሷ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ዕውቀቱ አይበቃም ብሎ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ አንድ ትንሽ ፓርቲ በበጀት ድርድር ላይ እጅ ጠምዝዞ የፈቃድ አሰጣጡን አስቆመ። በዓለም ላይ ካሉት ጥሩ ካርታ ሠሪዎች አንዷ እንኳ ገንዘብ ሲሸታት ካርታውን ትታ ልትሮጥ ከቻለች፣ ሌላውን ማን ያምናል?

◾ «አረንጓዴው ዘመን ብረት ይፈልጋል»

የቆፋሪዎቹ ትልቁ መከራከሪያ ይህ ነው፦ ዓለም ከነዳጅ ለመላቀቅ ባትሪ ይፈልጋል፣ ባትሪ ኮባልትና ኒኬል ይፈልጋል፣ ኮባልት ደግሞ ዛሬ ከኮንጎ ጉድጓድ፣ በልጆች እጅ ጭምር ይወጣል፤ ከባሕር ቢወጣ አይሻልም ወይ?

ክርክሩ ልብ ይነካል። ሲመረመር ግን ይላላል። አንደኛ፣ ቴክኖሎጂው አልቆመም። ኮባልትም ኒኬልም የሌለው የብረትና ፎስፌት ባትሪ ዛሬ በቻይና በሚሸጡት አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ ያለው ነው። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2024 የከለከለችው ኢትዮጵያ ይህን ለውጥ በራሷ ጎዳና ላይ እያየችው ነው። ዛሬ ብርቅ ነው ተብሎ የሚቆፈረው ብረት ነገ ላይፈለግ ይችላል፤ የተነቀለው ግርጌ ግን አይመለስም። ሁለተኛ፣ የባሕሩ ኮባልት የኮንጎን ልጅ ከጉድጓድ አውጥቶ ትምህርት ቤት አያስገባውም። ዋጋው ሲወድቅ የኮንጎ ገቢ ይወድቃል፣ ድህነቱም ይብሳል። የባሕር ሕጉ ራሱ በመሬት ላይ ማዕድን የሚያመርቱ ታዳጊ አገሮች እንዳይጎዱ የሚል አንቀጽ ያስገባው ይህን ፈርቶ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ ማንም «ለዘላለም አይነካ» አላለም። የሚባለው ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ ነው። ሐኪም ሆድ ከመክፈቱ በፊት ምርመራ ያዛል። ቤት ሠሪ መሠረት ከመጣሉ በፊት አፈሩን ያስመረምራል። ከሰላሳ በላይ አገሮች ማዕድኑ ይቆይ፣ ይታገድ ወይም ይጠንቀቁበት ሲሉ ከዚህ የራቀ ነገር አልጠየቁም። ከማንም ንብረት ላይ የማይፈቀደው ከሁሉም ንብረት ላይ የሚፈቀደው በምን ሕግ ነው?

◾ ካርታም ንጹሕ አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ሐቀኛ ጥያቄ አለ። ካርታው ራሱ ለቆፋሪው መንገድ የሚጠርግ ከሆነስ? እውነት ነው፣ ካርታ ንጹሕ አይደለም። አፍሪካን የተቀራመቱት ኃይሎች ከወታደር በፊት ካርታ ሠሪ ልከዋል። ዛሬም ብዙው የጥልቅ ባሕር ልኬት የሚሠራው ፈቃድ ባላቸው ኩባንያዎችና በባሕር ኃይሎች ነው። የማዕድኑ መረጃ ምሥጢር ነው፤ ለሕዝብ የሚወጣው የአካባቢው መረጃ ብቻ ነው። ወታደሩ ያለው ካርታማ ጨርሶ አይታይም።

ምሳሌው ከናኡሩ ታሪክ አይርቅም። በደንቡ መሠረት ሀብታም አገር ወይም ኩባንያ የፍለጋ ቦታ ሲጠይቅ፣ ሁለት እኩል ዋጋ ያላቸው ቦታዎች ለክቶ አቅርቦ አንዱን ለታዳጊ አገሮች ይተዋል። ሐሳቡ ቅዱስ ነበር። ለታዳጊዎቹ ከተተዉት ቦታዎች አንዳንዶቹ ግን ዛሬ በናኡሩና በሌሎች ደሴቶች ስም ተመዝግበው የሚሠራባቸው የካናዳው ኩባንያ ነው። መሬቱ ለድኻው ተከለለ፤ መርከቡ፣ መሣሪያውና ባለሙያው ግን በሌላ እጅ ስለነበሩ ድኻው የስሙን ኪራይ ብቻ ተቀበለ። ልዩነቱን የፈጠረው ካርታውን የሠራው ማን ነው የሚለው ነው።

ስለዚህ መልሱ ካርታውን መፍራት ሳይሆን ካርታውን የጋራ ማድረግ ነው። ከጋራ መሬት ላይ የተሰበሰበ ልኬት የጋራ መሆን አለበት። ፈቃድ የሚፈልግ ሁሉ የለካውን ሁሉ ያስረክብ። መረጃውን የሚመረምረው ደግሞ ደመወዙን ከኩባንያው የማይቀበል ባለሙያ ይሁን። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ሕዝብ ያላየውን ግርጌ ሲያጠፉበት አይጮህም። ካርታው በአደባባይ ሲሆን ግን ምን እንደሚጠፋ ሁሉም ያያል።

◾ ባዶ የቆየው ወንበር

ባለፉት ዓመታት በአዲስ አበባ ስለ ባሕር ያልተናገረ የለም። ቴሌቪዥኑ፣ ምክር ቤቱ፣ የቡና ቤቱ ጠረጴዛ ሁሉ ስለ ባሕር በር ያወራል። ክርክሩ የሚያልቀው ግን ሁልጊዜ ወደብ ላይ ነው፤ ማን ያከራየን፣ ማን ይስጠን፣ ስንት እንክፈል። ባሕር ማለት መርከብ የሚቆምበት ሲሚንቶ ብቻ ይመስል ከሲሚንቶው በታች ያለው አይነሣም። ቀይ ባሕር ግርጌ አለው። በ1960ዎቹ በመካከሉ 2,000 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ዚንክ፣ መዳብና ብር ያዘለ ትኩስ ጨዋማ ጭቃ ሲገኝ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ሱዳን በ1974 በጋራ ለመጠቀም ተፈራርመዋል። ያኔ ኢትዮጵያ በዚያው ባሕር ላይ ረጅም ዳርቻ የነበራት አገር ነበረች።

ዛሬ ዳርቻ የላትም። ነገር ግን ሕጉ ዳርቻ የሌለውን አልረሳም። የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 136 ዓለም አቀፉን የባሕር ግርጌና ሀብቱን የሰው ልጅ የጋራ ቅርስ ይለዋል። አንቀጽ 140 ጥቅሙ ለሰው ልጅ ሁሉ ነው ሲል «ባሕር ያለውም የሌለውም» ብሎ በግልጽ ያስቀምጣል። አንቀጽ 161 ደግሞ በባለሥልጣኑ 36 አባላት ባሉት ምክር ቤት ውስጥ ልዩ ጥቅም ላላቸው ታዳጊ አገሮች ስድስት ወንበር ይሰጣል። ከመመዘኛዎቹ መካከል ብዙ ሕዝብ ያለው፣ ባሕር በር የሌለው፣ በዕድገት ወደ ኋላ የቀረ የሚሉ ይገኙበታል። ኢትዮጵያ ሦስቱንም ታሟላለች። ለእርሷ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ ይመስላል።

ልብሱን ግን አልለበሰችም። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1982 ፈርማለች፤ ከዚያ በኋላ ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ሳታጸድቀው ቆይታለች። ባሕር የሌላቸው ዩጋንዳ፣ ዛምቢያ፣ ማሊ፣ ቦትስዋናና ዚምባብዌ አጽድቀው አባል ሆነዋል። የአባይን ውሃ በፍትሕ እንጠቀም ብላ ዓለምን የሞገተች፣ «የጋራ ሀብት በአንድ ወገን ፈቃድ አይወሰንም» ስትል የኖረች አገር፣ ይኸው መርሕ በትልቁ ውሃ ላይ ሲጣስ በተመልካች ወንበር ላይ ናት።

ማጽደቁ እጅ ያስራል ብሎ የሚሰጋ ካለ፣ አንቀጽ 125ን ያንብብ፤ ባሕር በር የሌላቸው አገሮች ወደ ባሕር የመድረስና የመተላለፍ መብት እንዳላቸው የሚናገረው እዚያው ነው። ዝርዝሩ ከጎረቤት ጋር በስምምነት የሚወሰን ቢሆንም፣ በወረቀት የተጻፈ መብት ካልተጻፈው ይሻላል። «አገሩ ስንት ጣጣ እያለበት ስለ ባሕር ታች?» የሚልም አይጠፋም። የካቲት 2024 የተመታችው ሩቢማር የተባለች መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ቀይ ባሕር ውስጥ የኢንተርኔት ኬብሎችን ስትቆርጥ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ግንኙነት በጥልቅ ውሃ ሥር በተዘረጋ ቀጭን ገመድ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ታይቷል። ያ ገመድ የሚዘረጋው በካርታ ነው። ይህንን ጽሑፍ የያዘው ስልክ ራሱ ከባሕር ግርጌ ጋር የተያያዘ ነው።

ሊደረግ የሚችለው ደግሞ ከአቅም በላይ አይደለም። የመጀመሪያው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአንድ ቀን ሥራ ነው፦ ስምምነቱን ማጽደቅ፣ ከዚያ በኪንግስተን ወንበሩን መጠየቅ፣ ከአፍሪካ ቡድን ጋር ቆሞ «ከካርታ በፊት ቁፋሮ የለም» ማለት። ሁለተኛው የራስን መርከብ መጠቀም ነው። የኢትዮጵያ መርከቦች ከጅቡቲ እስከ ሕንድና ቻይና ይመላለሳሉ። ማንኛውም የንግድ መርከብ የጥልቀት መለኪያ ስላለው፣ አነስተኛ መቅረጫ ከተገጠመለት የተጓዘበትን መንገድ ለዓለም ካርታ ማበርከት ይችላል፤ ዓለም አቀፉ ዘመቻም የሚለምነው ይህንኑ ነው። ሦስተኛው ሰው ማሠልጠን ነው። ከባሕር ዳርና ከቢሾፍቱ የባሕር ትምህርት ቤቶች የሚወጡ ወጣቶች በዓለም መርከቦች ላይ ሞተር ያንቀሳቅሳሉ። ከእነርሱ መካከል ጥቂቶቹ የባሕር ግርጌ ልኬት ቢማሩ፣ የኒፖን ፋውንዴሽንና የጌብኮ ሥልጠና ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች በር ከከፈተ ሃያ ዓመት አልፎታል።

መሬቱ ሲሸነሸን ያልነበረ ሰው በኋላ ካርታ ይዞ የመጣን ሰው መክሰስ አይችልም። በአዲስ አበባ ዳርቻ ያለ ገበሬ ሁሉ ይህን በራሱ ማሳ ላይ ተምሮታል። የማምረት ደንቡ ገና አልተዘጋም፤ የመጀመሪያው ማሽን ፈቃድ እየጠየቀ ነው። ምክር ቤቱ ከ1982 ጀምሮ መዝገብ ውስጥ ያደረውን ስምምነት የሚያወጣው መቼ ነው?